ማልታ፣ ወደቧ ዕዳ የሆነባት ደሴት

ወደ ማልታ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው የሚያልመው ፀሐይና ባሕር ነው። ሁለቱም በሽ ናቸው። ይሁን እንጂ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ዓይኑ የሚያርፈው ድንጋይ ላይ ነው። ቤቱ፣ የእርሻው አጥር፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ምሽጉ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቢጫማ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። የምሽጎቹ ግዝፈት ደግሞ ከደሴቲቱ መጠን ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ማልታ፣ ጎዞና ኮሚኖ የሚባሉት ሰው የሚኖርባቸው ሦስት ደሴቶች ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ናቸው፤ አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣቸዋለች። ይህች ቁራሽ መሬት ይህን ሁሉ ግንብ ለምን እንደለበሰች ሳያውቅ የተመለሰ ጎብኚ ማልታን አየ ለማለት ይቸግረኛል።

ምክንያቱ ወደቡ ነው። ማልታ ወንዝ የላትም፣ ደን የላትም፣ ማዕድን የላትም። ከሲሲሊ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከቱኒዚያና ከሊቢያ ፊት ለፊት፣ የሜድትራንያን ምሥራቅና ምዕራብ የሚገናኙበት መተላለፊያ ላይ ተቀምጣለች። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዋም ትልልቅ መርከቦችን ከማዕበል የሚያስጠልል ጥልቅ ወደብ አላት። ባሕሩን ሊገዛ የተነሣ ኃይል ሁሉ ያንን ወደብ ፈለገ። በወደቡ ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብ ፈቃድ የጠየቀ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት አልተገኘም። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በየሐውልቱና በየቤተ መዘክሩ ተጽፎ የምታገኙት እሱ ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ከ7,000 ዓመታት በፊት ገደማ እህላቸውንና ከብቶቻቸውን በጀልባ ጭነው ከሲሲሊ የተሻገሩ ገበሬዎች ነበሩ። የእነሱ ዘሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3600 ገደማ፣ ብረትም ነሐስም ሳያውቁ፣ እጅግ ግዙፍ ድንጋዮችን እያቆሙ የአምልኮ ቤቶችን መሥራት ጀመሩ። ጎዞ ላይ ያለው ጅጋንቲያ የተባለው ቤተ አምልኮ ከጊዛ ፒራሚዶች በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የጎዞ ገበሬዎች ይህን ሰው ሠራው ብለው ማመን ስላቃታቸው፣ ባቄላ እየበላች፣ ልጇን እንዳዘለች፣ ድንጋዩን ተሸክማ ያመጣችው አንዲት ግዙፍ ሴት ናት እያሉ ሲያወሩ ኖረዋል። ማልታ ላይ ደግሞ ከባሕሩ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ሐጃር ኢምና ምናይድራ አሉ። ምናይድራ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ዕለታት የንጋት ፀሐይ በዋናው በር ገብታ መካከለኛውን መተላለፊያ እንድታበራ ሆኖ ተሠርቷል።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። በ1902 ፓውላ በተባለ መንደር ለአዲስ ቤቶች የውሃ ጉድጓድ ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች ጣሪያ ሰብረው አንድ ዋሻ ውስጥ ገቡ። ተጠርጎ ሲታይ፣ ዓለቱ ሦስት ደርብ ድረስ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ መቃብር ሆኖ ተገኘ። ሐል ሳፍሊየኒ የሚባለው ይህ ስፍራ የ7,000 ያህል ሰዎች አፅም እንደያዘ ተገምቷል። ግድግዳው ላይ ልክ ከላይ እንደሚሠሩት ቤቶች ተደርገው የተቀረጹ በሮችና የጣሪያ ወራጆች አሉ፤ ለሙታን የተሠራ የሕያዋን ቤት ነው። እዚያ የተገኘችው በጎኗ ተጋድማ የተኛች ሴት ትንሽ የሸክላ ምስል ዛሬ ቫሌታ በሚገኘው የአርኪኦሎጂ ቤተ መዘክር ተቀምጣለች። ወደ መቃብሩ በአንድ ጊዜ የሚገቡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ቲኬቱን ከሳምንታት በፊት መቁረጥ ያስፈልጋል። በማልታ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ የምልከው ወደዚህ ነው።

ያንን ሁሉ የሠራው ሕዝብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 አካባቢ ከታሪክ ጠፋ። ድርቅና የአፈር መሸርሸር ሳይጎዳው አይቀርም ይላሉ ተመራማሪዎች። ከእሱ በኋላ ነሐስ የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች መጡ፤ ከዚያም በስምንተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከዛሬዋ ሊባኖስ የተነሡ ፊንቄያውያን ነጋዴዎች ወደቡን አገኙት። ከእነሱ ባህል የተረፉ ሁለት የእብነ በረድ ዐምዶች በፊንቄና በግሪክ ቋንቋ ለመልቃርት አምላክ የቀረበ የስለት ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል። በ1758 ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ዣክ ባርተሌሚ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስተያይቶ የፊንቄን ፊደል ፈታ። ያ ፊደል ለእኛም ፊደል የሩቅ ዘመድ ነው። አንዱ ዐምድ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ተሰጥቶ ፓሪስ ቀርቷል፤ ሌላው ቫሌታ አለ።

ሮማውያን ደሴቲቱን የያዙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ከካርታጎ ጋር ሲዋጉ ነው። ለአማርኛ አንባቢ የማልታ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚያ ዘግይቶ፣ በ60 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ መላጥያ የሚላት ደሴት ይህችው ናት። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረበት የእስክንድርያ መርከብ አሥራ አራት ሌሊት በማዕበል ተንገላትቶ እዚህ ዳርቻ ላይ ተሰበረ፤ የተሳፈሩት 276 ነፍሳትም አንድ ሳይጎድል ወጡ። ዝናብና ብርድ ነበርና የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ከጭራሮው መካከል የወጣችው እፉኝት፣ የአለቃው የፑፕልዮስ አባት ከንዳድና ከተቅማጥ መፈወሱ፣ የሦስት ወሩ ቆይታ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ የታወቀ ታሪክ ነው። ስፍራው ሌላ ደሴት ነው የሚሉ ጥቂት ሊቃውንት ቢኖሩም ማልታውያን ይህን ለመስማት ፈቃደኛ አይደሉም። የካቲት ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 10፣ የመርከቡን መሰበር በአገር አቀፍ በዓል ያከብራሉ። ጳውሎስ እንደተቀመጠበት የሚነገረው ዋሻ ራባት ከተማ ውስጥ ስለሚገኝ መሳለም ለሚፈልግ ቅርብ ነው።

ከሮም በኋላ ቢዛንታይን ገዛት። በ870 ደግሞ ከቱኒዚያ የተነሡ ዐረቦች ወሰዷት፤ በእነሱ ዘመን የተከለለችው ምዲና፣ በግንብ የታጠረችው ትንሽ አሮጌ መዲና፣ ዛሬም መኪና እምብዛም የማይገባባት ጸጥተኛ ከተማ ናት። በ1091 ኖርማኖች ከሲሲሊ መጡ። አገሩ ቀስ በቀስ ወደ ክርስትና ተመለሰ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ሙስሊሞቹ ተባረሩ። ቋንቋቸው ግን አልተባረረም። ማልትኛ ከሲሲሊ ዐረብኛ የወጣ፣ ብዙ የጣሊያን ቃላት የተቀላቀሉበት፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ከአማርኛ ጋር አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ያለ የአውሮፓ ኅብረት ኦፊሴላዊ ቋንቋ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ደሴቲቱ ከአንድ ንጉሥ ወደ ሌላው እየተላለፈች ቆየች፤ በመጨረሻ በአራጎን ነገሥታት እጅ ወደቀች። ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ ገንዘብ ሲቸግረው ማልታን በ30,000 የወርቅ ፍሎሪን በመያዣ ሰጣት። ከተማ ወይም ርስት ሳይሆን ሕዝብ ከነአገሩ ነው በመያዣነት የተሰጠው! መያዣውን በእጁ ያስገባው ጎንሳልቮ ሞንሮይ ሕዝቡን በግብር ሲያስጨንቅ ማልታውያን አመፁበትና ራሳችንን ራሳችን እንዋጃለን አሉ። ድሃ አገር፣ ያንን የሚያህል ገንዘብ፣ ከየቤቱ ተለቃቅሞ። በ1428 ንጉሡ ዳግመኛ ደሴቲቱን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም ብሎ ማለላቸው፤ በደብዳቤም አጸናላቸው።

መሐላው የቆየው 102 ዓመት ነው። በ1530 የዚያው ዙፋን ወራሽ የሆነው አፄ ካርል አምስተኛ ማልታንና ጎዞን፣ ከትሪፖሊ ጋር፣ ለቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች ሰጠ። ኪራዩ በዓመት አንድ ጭልፊት ነበር። እነዚህ ከአውሮፓ ባላባት ቤቶች የተመለመሉ መነኮሳት ወታደሮች በኢየሩሳሌም የሕሙማን ቤት በማቋቋም ጀምረው፣ በኋላ ሮድስ ደሴት ላይ የባሕር ተዋጊዎች ሆነው ነበር፤ በ1522 ሱልጣን ሱሌማን ከሮድስ አስወጣቸው። ማልታ ስትታሰብላቸው የላኳቸው መርማሪዎች ያቀረቡት ዘገባ ዛሬም ሲነበብ ያሳዝናል። ደሴቲቱ ድንጋይ ናት፣ አፈሯ ስስ ነው፣ የሚፈስ ውሃ የለም፤ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ በሚዛን እየተመዘነ ይሸጣል፤ ሕዝቡ የሚያበስለው በፀሐይ በደረቀ ኩበትና በእሾህ ነው። በማልታ 12,000፣ በጎዞ 5,000 ያህል ሰው እንዳለም ጽፈዋል። ፈረሰኞቹ ቅር እያላቸው መጡ። የሳባቸው ነገር ቢኖር ወደቡ ነበር።

ከእነሱ ጋር ጠላቶቻቸውም መጡ። በ1551 ድራጉት የተባለው የኦቶማን የባሕር አዛዥ ማልታን ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረና ወደ ጎዞ ዞረ። የጎዞን አምባ ለጥቂት ቀናት በመድፍ ደብድቦ ከፈተውና 5,000 ያህል ሰው፣ የደሴቲቱን ሕዝብ አብዛኛውን ማለት ነው፣ በመርከብ ጭኖ ለባርነት ወሰደ። ዛሬ ጎብኚ ቡና እየጠጣ የሚያደንቀው የቪክቶሪያ ከተማ አምባ ያ ነገር የሆነበት ቦታ ነው። ጎዞ ሕዝቧ እስኪተካ ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶባታል።

ታላቁ ከበባ የመጣው በ1565 ነው። ሜይ 18 ቀን ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የኦቶማን መርከቦች በአድማስ ላይ ታዩ። ይኸው መንግሥት ከስምንት ዓመት በፊት ምጽዋን ይዞ የኢትዮጵያን የባሕር በር ዘግቶ ነበር፤ ክንዱ ምን ያህል ይደርስ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። የእግረኛው ጦር አዛዥ ሙስጠፋ ፓሻ፣ የባሕሩ ደግሞ ፒያሊ ፓሻ ነበሩ፤ ድራጉትም በኋላ ተጨመረ። የሠራዊቱ ብዛት 30,000 እና ከዚያ በላይ ይገመታል። በግንቡ ውስጥ ከ500 እስከ 600 የሚሆኑ ፈረሰኞችና ጥቂት ሺህ ወታደሮች ነበሩ፤ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ የማልታ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የማኅበሩ አለቃ ዣን ደ ላ ቫሌት ሰባ ዓመት ገደማ የሞላው ሽማግሌ ነበር።

ኦቶማኖቹ መጀመሪያ የመቱት በወደቡ አፍ ላይ ያለውን ትንሹን የቅዱስ ኤልሞን ምሽግ ነው። በጥቂት ቀን ይወድቃል ብለው ነበር። አንድ ወር ያህል ፈጀባቸው። ቀን በመድፍ የፈረሰውን ተከላካዮቹ ሌሊት ይጠግኑታል፤ ከወደቡ ማዶ በጨለማ በጀልባ ትኩስ ኃይል ይመጣል፣ ቁስለኛ ይሄዳል። ድራጉት ራሱ እዚያው ቆስሎ ሞተ። ጁን 23 ምሽጉ ሲወድቅ በውስጡ የቀረው ሁሉ ከጥቂቶች በቀር ተገደለ። ሙስጠፋ የሞቱትን ፈረሰኞች አካል በመስቀል ላይ አስቸንክሮ በወደቡ ውሃ ላይ ለቀቀው፤ ላ ቫሌት ደግሞ ምርኮኞቹን አንገታቸውን አስቀልቶ ጭንቅላታቸውን በመድፍ ወረወረ። የከበባውን ጀግንነት የሚያወድሱ መጻሕፍት ይህን ፈጥነው ያልፉታል። መታለፍ ያለበት አይመስለኝም። በሁለቱም ወገን ርኅራኄ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ውጊያው ከወደቡ ማዶ ወዳሉት ወደ ቢርጉና ወደ ሴንግሌያ ከተሞች ዞረ። ኦቶማኖቹ ከሴንግሌያ ፊት ለፊት በባሕሩ ውስጥ የተተከለውን የእንጨት አጥር ለማፍረስ መጥረቢያ የያዙ ዋናተኞች ላኩ፤ ማልታውያንም ቢላዋቸውን ይዘው እየዘለሉ ገቡና ውሃው ውስጥ አንገት ለአንገት ተያያዙ። አጥሩ ቆሞ ቀረ። ሴቶችና ልጆች ከግንቡ ላይ ድንጋይና የፈላ ሬንጅ ያወርዱ ነበር። የነሐሴ ሙቀት፣ በሽታ፣ የስንቅ እጥረት ከባቢውን ጦር በላው። ሴፕቴምበር 7 ከሲሲሊ ሲጠበቅ የነበረው ረዳት ጦር በሰሜን ዳርቻ ወረደ፤ በማግሥቱ ከበባው ተነሣ። ሴፕቴምበር 8 ዛሬ ብሔራዊ በዓል ነው። በዚያ ቀን ማልታ የተገኘ ሰው የወደቡ ዙሪያ ከተሞች በባለ ቀለም ጀልባዎች ሲወዳደሩ ያያል፤ ቀዛፊዎቹን የሚደግፈው ሰው ጩኸት በግንቡ ያስተጋባል።

ፈረሰኞቹ ሁለተኛ ከበባ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበሩና ወደቡን ቁልቁል በሚያየው ራቁት ኮረብታ ላይ አዲስ ከተማ ለመሥራት ቆረጡ። መሠረቱ የተጣለው ማርች 28 ቀን 1566 ነው፤ ስሟም በአለቃው ቫሌታ ተባለ። ጳጳሱ የላኩት ፍራንቼስኮ ላፓሬሊ ንድፉን አወጣ፤ ማልታዊው ጂሮላሞ ካሳር ደግሞ ታላላቅ ሕንፃዎቿን ሠራ። መንገዶቿ ከኮረብታው ጫፍ ወደ ባሕሩ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ስለሆኑ በበጋ ንፋስ ይገባባታል። የውሃው ችግር የተቃለለው ግን ከ1610 እስከ 1615 በተሠራው፣ ከደሴቲቱ መካከል 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውሃ በሚያመጣው ቦይ ነው። የቦዩ ቅስቶች ዛሬም በመንገድ ዳር ይታያሉ።

የካሳር ሥራ ከሆኑት አንዱ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ምሽግ ደረቅ ነው፤ ውስጡ በወርቅ የተለበጠ፣ ወለሉም ወደ 400 በሚጠጉ የፈረሰኞች መቃብር እብነ በረዶች የተነጠፈ ነው። ብዙ ጎብኚ ወለሉን ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እኔ ግን በጎን ወዳለው የጸሎት አዳራሽ ገብታችሁ እንድትቀመጡ እለምናችኋለሁ። በሮም ሰው ገድሎ የሸሸው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1607 ማልታ መጣ፤ በ1608 ማኅበሩ ፈረሰኛ ብሎ ሾመው፤ እሱም የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ የሚያሳየውን ታላቅ ሥዕል ሠራ። ከአምስት ሜትር በላይ ስፋት አለው። ገዳዩ ሥራውን ለመጨረስ ቢላ ከወገቡ ሊመዝ ጎንበስ ብሏል፤ አንዲት አሮጊት ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ አንዲት ወጣት ሳሕኑን ወደ ታች አዘንብላለች፤ ሁለት እስረኞች በብረት ፍርግርግ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ከሥዕሉ ግማሽ በላይ ጨለማ ግድግዳ ነው። ከመጥምቁ አንገት የፈሰሰው ደም መሬት ላይ ስም ይጽፋል፦ የሠዓሊው ስም ነው። ካራቫጆ በሕይወቱ ስሙን የጻፈበት ሥዕል ይህ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ በጠብ ታስሮ ከቅዱስ አንጀሎ ምሽግ አመለጠ፤ በዲሴምበር 1608 ማኅበሩ በሌለበት ያባረረው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ ነው።

ለከተማዋ ውበት የተከፈለው ገንዘብ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የማኅበሩ አባላት በመላ አውሮፓ ከነበራቸው ርስት ሌላ፣ በባሕር ላይ ከሚዘርፉት የሙስሊም መርከብና ከሚማርኩት ሰው ይገኝ ነበር። ቫሌታ በሜድትራንያን ከታወቁ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ የማኅበሩን መርከቦች ይቀዝፉ የነበሩት የታሰሩ ሰዎች ናቸው። በ1749 ባሪያዎቹ ሊያምፁ ሲያሤሩ ተይዘው በጭካኔ ተቀጡ። ጎዞ ላይ በተፈጸመው የሚያዝን ሰው በዚህም ማዘን ይኖርበታል።

ጁን 1798 ናፖሊዮን ቦናፓርት ወደ ግብፅ ሲያልፍ ለመርከቦቹ ውሃ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። በአንድ ጊዜ ከአራት መርከብ በላይ አይገባም ሲባል ምክንያት አገኘ። 268 ዓመት የገዛው ማኅበር በቀናት ውስጥ እጁን ሰጠ፤ ብዙዎቹ ፈረሰኞች ራሳቸው ፈረንሳውያን ነበሩና ለመዋጋት ልብ አልነበራቸውም። ናፖሊዮን ቫሌታ ውስጥ የተቀመጠው ስድስት ቀን ያህል ነው። በእነዚያ ቀናት ባርነትን ሻረ፣ የሃይማኖት ችሎትን ዘጋ፣ የመኳንንትን ማዕረግ አስቀረ፣ የቤተ ክርስቲያናትንም ብር ጠራርጎ ወሰደ። የመጨረሻው ነው ያጠፋው። ሴፕቴምበር 2 ቀን ወታደሮቹ ምዲና ላይ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ንብረት በጨረታ ሊሸጡ ሲሉ ሕዝቡ ተነሣ፤ የፈረንሳዩን አዛዥ ከሰገነት ወረወሩት። ገበሬውና ቄሱ ፈረንሳዮቹን ቫሌታ ውስጥ ዘግተው ሁለት ዓመት ከበቧቸው። ዱን ሚኪየል ሸሪ የተባለ ቄስ በከተማዋ ውስጥ ሆኖ በር ለመክፈት ሲያሤር ተይዞ በ1799 ተረሸነ።

ከባሕር በኩል የረዷቸው እንግሊዞች ነበሩ። በ1802 የማልታ መሪዎች ፈርመው ባወጡት መግለጫ የእንግሊዝን ንጉሥ እንቀበላለን፣ ንጉሡ ጥበቃውን ካነሣ ግን ሌላ ገዥ የመምረጥ ወይም ራሳችንን የማስተዳደር መብት የእኛ ነው እንጂ ለሌላ አሳልፎ ሊሰጠን አይችልም አሉ። የ1428ቱን መሐላ ያልረሱ ሰዎች ቃል ይመስለኛል። በ1814 የፓሪስ ውል ደሴቲቱን ለእንግሊዝ ሲያጸና ያንን መግለጫ ያስታወሰ አልነበረም።

የእንግሊዝ ዘመን የመርከብ ጥገና ዘመን ነው። በተለይ የስዊዝ ካናል በ1869 ከተከፈተ በኋላ ወደቡ ወደ ሕንድ የሚወስደው መንገድ ማረፊያ ሆነ፤ የወደቡ ዙሪያ ቤተሰብ ሁሉ በመርከብ ጥገናው ይኖር ጀመር። ጦርነት ሲኖር እንጀራ አለ፤ ሰላም ሲሆን ሥራ ይጠፋል። ጁን 7 ቀን 1919 በዳቦ ዋጋ መናር የተቆጣ ሕዝብ ቫሌታ ላይ ሲሰለፍ ወታደሮች ተኩሰው አራት ሰው ገደሉ። ያም ቀን ዛሬ ብሔራዊ በዓል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የማልታና የኢትዮጵያ ዕጣ ለአንድ አፍታ ይገናኛል። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር ሊያጋጫት ይችላል ብላ ሠጋች። ማልታ ከሲሲሊ የአየር ማረፊያዎች አጠገብ ናት፤ ስለዚህ እንግሊዝ የሜድትራንያን የጦር መርከቦቿን ከቫሌታ ወደብ አውጥታ ወደ እስክንድርያ አዛወረች። ማልታውያን ባዶውን ወደብ ሲያዩ ምን እንደሚጠብቃቸው ተረዱ። ጁን 10 ቀን 1940 ጣሊያን ጦርነት አወጀች፤ በማግሥቱ ጠዋት የጣሊያን አውሮፕላኖች ቫሌታን ደበደቡ። በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ የጣለው ያው አየር ኃይል ነው። በኋላ ጀርመኖች ተጨመሩበት። ሕዝቡ ያንኑ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ከእግሩ ሥር እየፈለፈለ መጠለያ ሠራ፤ ቤተሰብ ሁሉ በእርጥብ ዋሻ ውስጥ ተኛ።

1942 ከሁሉም የከፋ ነበር። በአፕሪል ወር ብቻ 6,700 ቶን ያህል ቦምብ ተጣለባቸው። አፕሪል 9 ሞስታ ላይ ከ250 በላይ ሰው ለጸሎት በተሰበሰበበት አንድ ቦምብ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት በስቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አልፈነዳም። አምሳያው ዛሬም እዚያው ይታያል። በዚያው ወር ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የጆርጅ መስቀልን ለመላው ደሴት ሸለሙ፤ በማልታ ሰንደቅ ዓላማ ጥግ ላይ ያለው ምልክት እሱ ነው። መስቀል ግን ዳቦ አይሆንም። በበጋው እጅ የመስጠቱ ቀን በሳምንታት የሚቆጠር ሆነ። በኦገስት ወር አሥራ አራት የጭነት መርከቦች በጦር መርከብ ታጅበው ከጂብራልታር በኩል ተላኩ፤ ዘጠኙ ሰጠሙ፣ አምስቱ ደረሱ። የመጨረሻዋ ነዳጅ የጫነችው ኦሃዮ ነበረች፤ ተበሳስታ፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የጦር መርከቦች ደግፈዋት፣ ኦገስት 15 ቀን ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት በሚያከብሩበት ዕለት ወደቡ ገባች። ግንቡ ላይ የቆመው ሕዝብ አለቀሰ፣ ጮኸ፣ ዘመረ። ማልታውያን ያንን የመርከቦች ጉዞ እስከ ዛሬ በሳንታ ማሪያ ስም ይጠሩታል።

ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሺህ ሰው ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። በ1956 ከእንግሊዝ ጋር እንዋሃድ ወይ ተብሎ ሕዝብ ድምፅ ቢሰጥም ነገሩ ሳይፈጸም ቀረ። ነጻነት የመጣው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1964፣ ሪፐብሊክ የሆነችው በ1974፣ የመጨረሻዎቹ የእንግሊዝ ወታደሮች የወጡት ማርች 31 ቀን 1979 ነው። ከሮማውያን ጀምሮ ብንቆጥር እንኳን፣ ወደቡ ውስጥ የባዕድ ጦር የሌለበት ዘመን ገና ግማሽ ምዕት ዓመት አልሞላውም። እንግሊዝኛው፣ በግራ በኩል መንዳቱ፣ ሦስት ቀዳዳ ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት ግን ቀርተዋል፤ ጎብኚ ሊዘጋጅላቸው ይገባል።

ማልታ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች፤ በ2008 ዩሮን ተቀበለች። በእነዚሁ ዓመታት ከሊቢያ የሚነሡ የስደተኞች ጀልባዎች ወደ ውኃዋ መድረስ ጀመሩ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩ። ብዙዎቹ በእስር ማቆያ ቆይተው ወደ ሐል ፋርና ወደ ማርሳ መጠለያዎች ተዛወሩ። ማርሳ በታላቁ ወደብ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ናት፤ በ1565 የኦቶማን ጦር የሰፈረባት ሜዳ ናት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቫሌታ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው አጠገቧ ያልፋል፤ የጉብኝት መጽሐፎቹ እምብዛም አያነሷትም።

በ2017 ሁለት ነገር ሆነ። በማርች ወር በፖስት ካርዱ ሁሉ ላይ የነበረው የጎዞ ዓለት ቅስት በማዕበል ፈርሶ ባሕር ገባ፤ የድሮ ፎቶ አይቶ የሚሄድ ሰው አያገኘውም። በኦክቶበር 16 ደግሞ የባለሥልጣናትን ሙስና ትመረምር የነበረችው ጋዜጠኛ ዳፍኔ ካሩዋና ጋሊዚያ መኪናዋ ውስጥ በተቀመጠ ቦምብ ተገደለች። ምርመራው ወደ መንግሥት ሰዎች ሲጠጋ በ2019 መጨረሻ ሕዝቡ ለሳምንታት አደባባይ ወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሥልጣን ለቀቁ። ቫሌታ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የታላቁ ከበባ ሐውልት እግር ሥር ሰዎች ለእሷ አበባና ሻማ ሲያኖሩ ቆይተዋል።

ዛሬ ወደቡ የሚፈለገው ለሽርሽር መርከቦች ነው። ግማሽ ሚሊዮን በሚሆን ሕዝብ ላይ በ2024 ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ጎብኚ መጣ። ውሃው ከግማሽ በላይ ከባሕር እየተጣራ የሚቀዳ ነው፤ ሜዳው በሕንፃ ግንባታ ተይዟል፤ ነዋሪው በመንገድ መጨናነቅና በቤት ኪራይ ይማረራል። ኮሚኖ ላይ ያለው ሰማያዊው የባሕር ሠርጥ በበጋ እግር መርገጫ እስኪጠፋ ይሞላ ስለነበር የአካባቢ ተሟጋቾች ወንበርና ጃንጥላ ነቅለው እስከ መጣል ደርሰዋል። ከ2025 ጀምሮ ወደዚያ የሚሻገር ሰው አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ከተቻለ በሚያዝያና በግንቦት ወይም በመስከረምና በጥቅምት ሂዱ፤ ባሕሩ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት ለመዋኛ ይሆናል፣ ሕዝቡም ትንሽ ይተነፍሳል።